ገመድ አልባ ለቤት አልባ

«ቤት የለው፣ ስልክ አለው!»

ይህችን ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚናገሯት ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ የያዙ ጋሼ ናቸው። ታክሲው ለገሃር መብራት ይይዘዋል፣ ጋሼ አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ፣ የሕንጻ ደረጃ ላይ ካርቶን አንጥፎ ስልክ የሚጎረጉር ልጅ ያያሉ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ፍርዳቸውን ሰጥተው ይጨርሳሉ።

ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይያዝልዎ? የጠረጴዛ ስልክ? ጠረጴዛውን የት ያኑረው? መስመሩንስ የትኛው ግድግዳ ላይ ይሳቡለት? እርስዎ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዘው የሚንቀሳቀሱት ከሶፋ ወደ አልጋ ነው። ዕቃውን በተሠራበት ልክ የሚጠቀምበት ሰው ቢፈለግ እሱ ነው፤ ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ስልኩም፣ ካርቶኑም፣ ሰውየውም እኩል ይንቀሳቀሳሉ።

«በስልኩ ፈንታ ዳቦ ቢገዛበትስ?»

የዛሬውን ዳቦ ይገዛበታል እንበል። የነገውን ማን ደውሎ ይንገረው? መርካቶ ጭነት ሲገባ ተሸካሚ የሚጠራው በስልክ ነው። ፎርማኑ «ነገ ማለዳ አሥር ሰው እፈልጋለሁ» የሚለው በስልክ ነው፤ ካርቶን ለካርቶን እየዞረ የሚቀሰቅስ ፎርማን እስካሁን አልሰማሁም። ቀድሞ 4 ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ነበር። ዛሬ የማስታወቂያው ብዛት ቴሌግራም ላይ ነው። ጋዜጣው እኮ በብዙ ይሻል ነበር። ባትሪ አያልቅበትም። ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ይደረጋል፣ ሥራው ቀርቶ ሲመሽ ደግሞ ይነጠፋል። ቴሌግራም ተነጥፎ አይተኛበትም።

«ሥራ ፍለጋ! ቲክቶክ ነው እንጂ የሚያየው!»

ያያላ! ጋሼ፣ ከሜክሲኮ ተነሥተን ሳሪስ ሳንደርስ የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ፣ የአንድ ነቢይ ፈውስና የአንድ ዶሮ ወጥ አሠራር አስደምጠውናል፤ ያውም ያለ ማዳመጫ። «ይህ ሰውዬ ደመወዙን ምን ላይ ነው የሚያጠፋው?» ብሎ የጠየቀዎ ተሳፋሪ አለ? ሀብታም ሲሥቅ ተዝናና ይባላል፤ ድሃ ሲሥቅ ሜጋ ባይቱ ይቆጠርበታል። እኔ በበኩሌ በሐምሌ ብርድ በረንዳ ላይ ባድር፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ትምህርታዊ ፊልም ከፍቼ የማመሽ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ ለእሱ ሜጋ ባይቱ ከእርስዎ የበለጠ ይወደዳል። እርስዎ የወር ጥቅል ይገዛሉ፤ እሱ ያገኘው የቀን ገቢ ስለሆነ የሚገዛው የቀን ጥቅል ነው። የቀኗ ጥቅል ደግሞ ስታያት ርካሽ ናት፣ ሜጋ በሜጋ ስትመነዝራት ከወሩ ትበልጣለች። ስኳር በማንኪያ የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ በኪሎ ከሚገዛው በላይ ነው የሚከፍለው። የሌሊት ጥቅል ላይ ብቻ ነው የሚያተርፈው፤ ያንን ቅናሽ ያወጡ ሰዎች ሌሊት የማይተኛው ማን እንደሆነ አስበውበት ከሆነ ባለውለታዎቹ ናቸው።

«የኔን ዋይፋይ ይሰርቃሉ!»

ይህኛው የካፌዋ ባለቤት የእትዬ እሮሮ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካፌው ማታ ይዘጋል፣ የብረት መዝጊያው ይወርዳል፣ አስተናጋጆቹ ይሄዳሉ፣ ዋይፋዩ ግን ውስጥ ሲያበራ ያድራል። ከዚያ ልጆቹ ይመጣሉ። የት ላይ እንደሚያዝ አንዱን ብጠይቀው እንደ መሬት ቀያሽ በእግሩ አሳየኝ፦ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከሆንክ ሙሉ ነው፣ ወደ ፓርኪንጉ ስትል አንድ መስመር ይቀራል፣ ዛፉን ካለፍክ አለቀልህ። የይለፍ ቃሉን የሚያገኙት ከደረሰኝ ነው። ደንበኛው ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ደረሰኙን ጨምድዶ ይጥላል፣ ከግርጌው የይለፍ ቃሉ ተጽፏል። ልጁ ከማኪያቶው ያገኘው ድርሻ ይኸው ነው። እትዬ ይህን ሲደርሱበት በየሳምንቱ መቀየር ጀመሩ። ልጆቹም በየሳምንቱ ደረሰኝ መልቀም።

እትዬ፣ ካፌዎ ተዘግቶ ያደረውን ዋይፋይ ጠዋት ምን ሊያደርጉት ነው? ያደረ ኬክ ነው በቅናሽ የሚሸጡት? ወርሃዊ ክፍያውን እርስዎ ተኝተውም ይከፍሉታል፣ ልጁ ተቀምጦም ይከፍሉታል። «ደረጃዬን ያቆሽሹብኛል» ካሉ እሱ እውነት ነው፤ ጠዋት መጥረጊያ ይዛ የምትመጣው ልጅ ላይ ሥራ ይበዛባታል፣ ይህን አልክድም። ለዚያ ግን መድኃኒቱ የቆሻሻ ገንዳ ነው እንጂ አሥራ ሁለት ፊደል ያለው የይለፍ ቃል አይደለም። በይለፍ ቃል የተጠረገ ደረጃ አላየሁም።

«እሺ ዋይፋዩን አገኘ፤ ቻርጁንስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። ከኪዮስክ ነው። ባለሱቁ አንዲት ማከፋፈያ ዘርግቶ ስልክ በስልክ ላይ ይደረድርባታል። እያንዳንዱ ስልክ ጀርባ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል፦ አቡሽ፣ ማሙሽ፣ ቀዩ፣ ቀዩ 2። ለአንድ ሙሌት ይከፈላል። መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ሂሳቡ አይመለስም፤ ባለሱቁን ብትጠይቀው «መብራት ኃይልን ጠይቅ» ይልሃል። ቀዩ 2 እንግዲህ ዋና መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ የግማሽ ባትሪውን ገንዘብ ይጠይቅ!

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ስልኩ ካልሲ ውስጥ ያድራል፣ ካልሲው ጫማ ውስጥ፣ ጫማው ራስጌ። እንዲያም ሆኖ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ተረብ የኔ አይደለም፤ የቴሌ መስኮቱ ነው።

— እህቴ፣ ስልኬን ሰረቁኝ። ሲሜን ላውጣ ብዬ ነበር።
— መታወቂያ።
— መታወቂያው ከቦርሳው ጋር ሄደ።
— ከወረዳህ አውጣ።
— ወረዳ ሄጄ የቤት ቁጥር አሉኝ።
— ንገራቸዋ።
— የለኝም።
— እንግዲያስ ከመጣህበት መሸኛ አምጣ።
— የመጣሁበት አውቶቡስ ነው፤ አምስት ዓመት ሆነው።
— ቀጣይ!

እህቴ፣ «ቀጣይ» ያልሽው ልጅ የሚቀጥልበት ቦታ የለውም እኮ። ሲም ለማውጣት መታወቂያ፣ ለመታወቂያ የቤት ቁጥር፣ ለቤት ቁጥር ኪራይ፣ ለኪራይ ሥራ፣ ለሥራ ስልክ፣ ለስልክ ሲም። ቀለበት መንገድ የሚባለው ይህ ነው፤ ያኛው እንኳ መውጫ አለው። እኔ የወረዳው ሰዎች ያላሰቡበት አንድ መፍትሔ አለኝ። የስንቱ ነባር ቪላ መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ ተጽፎ ስናየው ኖረናል። ለዚህ ልጅ «አዲስ» ቢጻፍለት ምን ነውር አለው? በየምሽቱ አዲስ ነው።

ሲሙ ደግሞ ከቁጥርነት አልፏል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ኪስ ሆኗል። ልጁ ጭነት የተሸከመበትን ገንዘብ እዚያ ካስገባ፣ የሰረቀው ሰው የምሥጢር ቁጥሩን ባያውቅና ገንዘቡን ባይበላው እንኳ፣ ባለቤቱም ሲሙን እስኪያወጣ ድረስ አይበላውም። ገንዘብ አለው፣ አልሰረቁትም፣ ግን ተርቧል። ይህን የመሰለ ሀብታም የት አገር አለ?

«ፋይዳ አለ አይደል? ፋይዳ ያውጣ!»

እዚህ ላይ አልተርብም፤ የሚመሰገን ነገር አለና። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ይመዘገባል ይላል። አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት ነው የሚወስዱት፤ እነዚህ ደግሞ ካልሲ ውስጥ ካላስቀመጥካቸው አይሰረቁም። የቤት ቁጥር ዓይን ብሌን ላይ አይጻፍም። ሕጉን ያረቀቀው ሰው በረንዳ ላይ ያደረ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ግን ምን ይሆናል? ቁጥሩ በአጭር መልእክት ይላክልሃል። ወዴት? ወደ ስልክህ። አንድ ቦታ ሄደህ «እኔ ነኝ» ስትል ማረጋገጫው በመልእክት ይመጣል። ወዴት? ወደ ስልክህ። የተሰረቀው ስልክ ላይ «እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ሲገባ፣ ሌባው ብቻ ነው ማረጋገጥ የሚችለው። አሥሩ ጣቶች ግን ልጁ ጋ ናቸው። እንግዲህ ጣቱን አስነክቶ ሲሙን የሚያስመልስበት መስኮት በየሰፈሩ ቢበዛለት፣ ያ ሁሉ የጣት አሻራ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

«እኔ የማውቀው ኢንተርኔት ቅንጦት መሆኑን ነው።»

ጋሼ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012ን ያስታውሳሉ? ኢንተርኔት ከመላ አገሪቱ ጠፍቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ካናዳ ያለችው ልጅዎ ድምፅ ጠፍቶብዎ ጎረቤት ለጎረቤት ሲንከራተቱ፣ ባለቢዝነሱ ኢሜይሉን ለማየት ሲቃጠል፣ «ቅንጦት ነው፣ ይቅር» ያለ አንድ ሰው አላየሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለቪላውም ባለካርቶኑም እኩል ነበሩ። ልዩነቱ፣ ለእርስዎ ሲለቀቅ ተለቀቀ፤ ለእሱ እንደተዘጋ ነው።

በዚያው ዓመት ከመጋቢት ጀምሮ ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ፣ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይላክ እንደነበር አይረሱም። የቤት ሥራ! ቤት የሌለው ልጅ የቤት ሥራውን ያለ ቤትም ያለ ቴሌግራምም እንዲሠራ ነበር የተጠበቀው።

«አሜሪካ ቢሆን እንዲህ አይሆንም።»

ይህን የምትለው አንተ ነህ፣ ከዋሽንግተን ለገና የመጣኸው የአክስቴ ልጅ። ከመጣህ ጀምሮ ከመንገዱ ስፋት እስከ እንጀራው ውፍረት አሜሪካ ያልገባበት ነገር የለም፤ እስቲ እዚህም ይግባ።

ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2016 የድሮ የስልክ ዳሶቿን ነቅላ ሊንክ ኤንዋይሲ የሚባሉ ረጃጅም ማማዎች አቆመች። ነፃ ዋይፋይ፣ ነፃ ጥሪ፣ ቻርጅ፣ ከዚያም ላይ ሰው ሁሉ እየነካ ኢንተርኔት የሚከፍትበት ስክሪን። እጅግ ግሩም ነበር፤ እስኪያገለግል ድረስ። ቤት የሌላቸው ሰዎች አገኙትና ወንበርና ሣጥን እየጎተቱ ተቀመጡበት፣ ሙዚቃ ሰሙ፣ ፊልም አዩ፤ አንዳንዱም ለአደባባይ የማይሆን ፊልም ከፈተ፣ እሱን አልደብቅህም። ሰፈሩ ጮኸ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከስክሪኑ ኢንተርኔቱን አነሡት። ዋይፋዩ ግን አልተነሣም፤ የራስህ ስልክ ካለህ ማለት ነው። «ለሁሉም» ተብሎ ተተከለ፣ ሁሉም መጣ፣ «እናንተን አላልንም» ተባለ። የኛ እትዬ የይለፍ ቃል ሲቀይሩ በጣም ተቆጥተህ ነበር፤ ኒው ዮርክም የሠራችው ያንኑ ነው፣ ደረሰኝ ሳትሰጥ።

ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ደግሞ ከዚህ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ነገር አሳይታናለች። በየዓመቱ ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት የሚባል የቴክኖሎጂና የሙዚቃ ድግስ አለ፤ የሕዝቡ ብዛት ኔትወርክ ያስጨንቃል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት መላ አመጣ። ከመጠለያ 13 ሰዎችን ወሰደ፣ የዋይፋይ መሣሪያ አስያዛቸው፣ ስማቸው የተጻፈበት ቲሸርት አለበሳቸው፤ ቲሸርቱ «እኔ እገሌ ነኝ፣ 4ጂ ሆትስፖት ነኝ» ይላል። በቀን 20 ዶላር፣ ተጠቃሚው በፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ ለእነሱ። ኢንተርኔት የሌለውን ሰው ራሱን ኢንተርኔት አደረጉት! ዓለም ጉድ አለ። ከሠሩት መካከል ግን ሥራውን ወደድኩት ያሉ ነበሩ፤ ሰው ቆሞ አነጋገራቸዋ። በአንድ ፌርማታ ላይ ስንት ዓመት ቆሞ ያላየውን ሰው ዋይፋይ ሲይዝ ያየው ሕዝብ ነው ትዝብት ውስጥ መግባት ያለበት።

እና አንድ ሌላ። በኮሮናው ጊዜ ኒው ዮርክ ልጆቹን በኢንተርኔት ተማሩ ስትል፣ ብዙዎቹ የቤተሰብ መጠለያዎች ዋይፋይ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠበቆች ከተማዋን ፍርድ ቤት ገተሯት፤ በማግሥቱ ዓመት ለማስገባት ተስማማች። ይህቺን ብቻ ከአሜሪካ ብታመጣልን የገናው ጫማ ይቀር ነበር። ዋይፋይ አጣን ብሎ የከተማ አስተዳደር የሚከስስ ጠበቃ በሻንጣ አይገባም ወይ?

«ዝርዝር ካላገኙ አይለቁህም እኮ፣ ምን ኢንተርኔት አመጣህ?»

ጋሼ ተመልሰው መጡ። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ እርስዎ «ዝርዝር የለኝም፣ ገንዘቤ ሁሉ ስልክ ላይ ነው» እያሉ የሚለምንዎን ያልፋሉ። ቆንጆ ማምለጫ ነበረች። አሁን ልጁም ሲም አውጥቶ «ጋሼ፣ ችግር የለም፣ ቁጥሬን ልንገርዎ» ቢልዎ ነው ያለቀልዎ። የልጁን ኢንተርኔት እንዲህ የፈሩት ለካ በዚህ ነው!

«መጀመሪያ ቤት ይሰጠው፣ ኢንተርኔቱ ይደርሳል።»

ይህን የሚሉ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ወረፋ አያውቅም። ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው በ1997 እና በ2005 ነው። ለመመዝገብ የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ ነበር የሚጠየቀው፤ ማለትም ቤት ለመመዝገብ ቤት ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ከ25 ሺህ በላይ ቤት በኮምፒውተር ዕጣ ወጣ ተብሎ ሲጨፈር፣ ቀናት ሳይቆዩ «ሲስተሙ ውስጥ ተገብቶ ስም ዝርዝሩ ተነካክቷል» ተባለና ዕጣው ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ቆጥቦ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቆ፣ መታወቂያ ያለው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የኛ ቀዩ 2 ቤቱን እስኪያገኝ ድረስ ስልክ አይያዝ ማለት ቀዩ 3 እስኪወለድ ይጠብቅ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ሲስተሙ ውስጥ የገቡት ሰዎች ኢንተርኔት ነበራቸው፤ ያን ጊዜ «ቤት ሳይኖራቸው ኢንተርኔት ምን ያደርግላቸዋል?» ያለ የለም።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው? ስትተርብ ነው የዋልከው!»

እሺ፣ ጋሼ፣ ሳልተርብ ልናገር። አደባባይ ላይ ዝናብ የማያገኘው ሶኬትና የይለፍ ቃል የማይጠይቅ ዋይፋይ ይኑር። ምስክር ይዞ ፋይዳ ለመመዝገብ የመጣን ሰው «ቤትህ የት ነው?» ብሎ የሚመልስ ሠራተኛ ሕጉ በድጋሚ ይነበብለት። ሲም የጠፋበት ሰው በጣት አሻራው ይውሰድ። አለቀ፤ ሳተላይት አስወንጭፉ አላልኩም።

«ማን ይከፍላል?»

አደባባዩን ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራውን መብራት የሚከፍለው ያው ይክፈል። የዘንባባው ግንድ ላይ የተጠመጠመችው አምፖል እስኪነጋ ስታበራ የምታድረው ለማን እንደሆነ ጠይቀው ያውቃሉ? አልጠየቁም። ከሥሯ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይሰካባት ዘንድ የለመነውን ልጅ ግን «ለምንህ ነው?» ብለው ጠየቁት።